የታይሮይድ ሕሙማንና የቫይታሚን ክኒኖች፦ ሁለት መቶ ዓመታት የዘለቀ ጥያቄ

የታይሮይድ ዕጢያቸው ከልክ በላይ የሚሠራባቸው ሕሙማን ከሐኪም ፊት ሲቀርቡ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ክብደታቸው ቀንሷል፤ ጡንቻቸው ላልቷል፤ ፀጉራቸው ይረግፋል፤ እንቅልፍ ከራቃቸው ሰንብቷል። ሰውነታቸው እየተቃጠለ እንደሆነ ስለሚሰማቸው የተቃጠለውን የሚተካ ነገር ይሻሉ። «የትኛውን ቫይታሚን ልውሰድ?» ይላሉ። አንዳንዶቹም ከመጠየቃቸው በፊት መውሰድ ጀምረዋል። ብልቃጡን ከመድኃኒት ቤት ገዝተውት ይሆናል፤ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በሻንጣው ይዞላቸው መጥቶ ይሆናል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የሕክምና ታሪክ ግን እንደ ቀላል አላስተናገደውም። ለታይሮይድ ሕመም ይበጃል ተብሎ የተሰጠ ነገር ራሱ ሕመሙን ሲቀሰቅስ የታየው ቫይታሚን የሚለው ስም ከመፈጠሩ 90 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባሩድ ነው። በ1811 የናፖሊዮን ጦር ለባሩድ መሥሪያ የሚሆን ጨው አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ፈረንሳዊው ቤርናር ኩርትዋ ይህን ጨው ለማውጣት ከባሕር አረም አመድ ጋር ሲሠራ አንድ ቀን የጨመረው የሰልፈር አሲድ በዛና ከዕቃው ውስጥ ሐምራዊ ጭስ ተነሣ፤ ጭሱም ሲቀዘቅዝ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድቃቂ ሆነ። አዮዲን የተገኘው እንዲህ በድንገት ነው። የተቃጠለ የባሕር ሰፍነግ እንቅርትን እንደሚያሳንስ ሕዝቡም ሐኪሞቹም ለብዙ ዘመናት ያውቁ ነበርና፣ የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኮዌንዴ በሰፍነጉ ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር አዮዲን ሊሆን እንደሚችል ገመተ። በ1820 አዮዲንን በአልኮል በጥብጦ እንቅርት ላለባቸው ሰዎች መስጠቱን፣ እንቅርታቸውም በሳምንታት ውስጥ መቀነሱን ለስዊዘርላንድ የሳይንስ ማኅበር አስታወቀ።

የአልፕስ ተራሮች ነዋሪ በእንቅርት የተጠቃ ሕዝብ ስለነበር ወሬው ወዲያው ተሰራጨ። መድኃኒቱ ከሐኪሙ እጅ ወጣ፤ ሰው ሁሉ ያለ ትእዛዝ እየገዛ ይጠጣው ጀመር። ኮዌንዴ በ1821 ባወጣው ጽሑፍ አዮዲን ያለ ልክ የወሰዱ ሰዎችን ሁኔታ ሲገልጽ፣ የልብ ምታቸው መፍጠኑን፣ እጃቸው መንቀጥቀጡን፣ እንቅልፍ ማጣታቸውን፣ እየበሉ መክሳታቸውንና አቅም ማጣታቸውን ዘርዝሯል። የዛሬ የሕክምና ተማሪ ይህን ቢያነብ ምርመራውን ለመናገር ጊዜ አይፈጅበትም። በ1821 ግን ሕመሙ ገና ስም አልነበረውም። የእንግሊዙ ሐኪም ኬሌብ ፓሪ ያያቸው ሕሙማን ታሪክ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1825 ነው። ሮበርት ግሬቭስ በደብሊን ሕመሙን የገለጸው በ1835፣ ካርል ፎን ባዜዶቭ በሜርዜቡርግ ከተማ የዓይን መጉረጥን፣ እንቅርትንና የልብ ትርታን አንድ ላይ አያይዞ የጻፈው በ1840 ነው። ስለዚህ ጄኔቫ ያየችው ነገር ለብዙ ዓመታት «የአዮዲን መመረዝ» ብቻ ተብሎ ቀረ።

በ1860 ፍሬደሪክ ሪልዬ የተባለ ሌላ የጄኔቫ ሐኪም ጉዳዩን እንደገና አነሣ። ሪልዬን ያስገረመው ሕመሙ የያዛቸው ሰዎች የወሰዱት የአዮዲን መጠን እጅግ ጥቂት መሆኑ ነበር። አንዱ ሰው ብዙ ወስዶ ምንም ሳይሆን ሌላው በትንሹ ይከሳል፣ ይንቀጠቀጣል። በዚያን ዘመን ማብራሪያ ያልተገኘለት ይህ ልዩነት ዛሬ ግልጽ ነው። ወሳኙ የክኒኑ መጠን ብቻ አይደለም፤ የተቀባዩ ዕጢ ሁኔታም ነው። በአዮዲን እጥረት ዘመናትን ያሳለፈ ዕጢ ቋጠሮ ያወጣል። ከቋጠሮዎቹም አንዳንዶቹ ከአንጎል ሥር የሚመጣውን ትእዛዝ መስማት ትተው በራሳቸው ሥልጣን ማምረት ይጀምራሉ። አዮዲን እስካላገኙ ድረስ ጥሬ ዕቃ እንዳጣ ፋብሪካ ናቸው፤ ሲያገኙ ግን የሚያቆማቸው የለም።

ነገሩን ያወሳሰበው ደግሞ ተቃራኒው እውነት ነው። በፓሪስ ስመ ጥር የነበረው አርማን ትሩሶ የግሬቭስ ሕመም ላለባት አንዲት ሴት ለልቧ ዲጂታሊስ ሊያዝላት አስቦ በስሕተት የአዮዲን ቲንክቸር ጻፈላት። ሴትየዋ ተመልሳ ስትመጣ የልብ ምቷ በእጅጉ ቀንሶ አገኘው። ትሩሶ ስሕተቱን አይቶ ደነገጠና ወደ ዲጂታሊስ ቢቀይርላት ምቱ እንደገና አሻቀበ፤ በመጨረሻም ወደ አዮዲኑ መመለስ ግድ ሆነበት። ስሕተቱን ሳይሸሽግ ለተማሪዎቹ ማስተማሩ ለሞያው ያበረከተው ትልቅ ውለታ ነው። ይሁንና ከዚህ ትምህርት በቅጡ ለመጠቀም 60 ዓመት ያህል ወሰደ። በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ሄንሪ ፕለመር ከቀዶ ሕክምና በፊት የሉጎልን ፈሳሽ መስጠት የጀመረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በግሬቭስ ሕሙማን ላይ ይደርስ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሞት ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቀነሰ። በ1948 ዎልፍና ቻይኮፍ በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከፍተኛ መጠን ያለው አዮዲን የሆርሞንን መሠራት ለጊዜው እንደሚገታ አሳዩ። ለጊዜው የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል፤ ዕጢው ከቀናት በኋላ ከእገዳው ያመልጣልና። ለቀዶ ሕክምና ዝግጅት በሐኪም እጅ ለአንድ ሳምንት ወይም ለዐሥር ቀን ያህል የሚሰጠው ሉጎልና አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ ለወራት የሚውጠው አዮዲን ያለበት ክኒን፣ ይዘታቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው አንድ አይደለም።

በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የበርኑ ቀዳጅ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በ1910 ስለ አዮዲን ወለዱ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ሲጽፍ «ዮድ ባዜዶቭ» የሚለውን ስያሜ ተጠቅሟል። ስሙ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። በሕመሙ ማንነት ረገድ ግን ያሳስታል፤ አብዛኞቹ እንዲህ የሚታመሙት ባዜዶቭ የገለጸው ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሳይሆኑ ቋጠሮ ያለበት የቆየ እንቅርት ያላቸው ሰዎች ናቸውና።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ከግለሰቦች ወደ ሕዝብ ይሸጋገራል። ዴቪድ ማሪንና ኦሊቨር ኪምቦል በኦሃዮ፣ አክሮን ከተማ በተማሪ ልጃገረዶች ላይ ባደረጉት ጥናት አዮዲን እንቅርትን እንደሚከላከል አረጋገጡ። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት በ1924 አዮዲን ያለበትን ጨው ማከፋፈል ጀመሩ። ብዙ ሳይቆይ በ1926 ከክሊቭላንድ የወጡ የሐኪም ዘገባዎች፣ ይህን ጨው ከተጠቀሙ ወዲህ የታይሮይድ ሆርሞን የበዛባቸውን እንቅርታም አዋቂዎች ገለጹ። ከሁሉ ይልቅ በደንብ የተመዘገበው የታዝማኒያ ታሪክ ነው። በዚያች የአውስትራሊያ ደሴት በ1966 የአዮዲን ጨው በዳቦ ውስጥ እንዲጨመር ከተደረገ በኋላ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ሕመም በግልጽ ጨመረ። የታመሙትም በአመዛኙ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። ዚምባብዌም በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዮዲን ያለበት ጨው ሲስፋፋ ተመሳሳይ ጭማሪ አይታለች። ከነዚህ ታሪኮች መካከል አንዱም ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ስሕተት ነው አያሰኝም። በእጥረቱ ምክንያት ከአእምሮ ዘገምተኝነት ጋር የሚወለደው ሕፃን ጉዳት ከነዚህ ሊታከሙ ከሚችሉ አዋቂዎች ሕመም ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሆኖም ያ ጭማሪ በእርግጥ የደረሰ ነው፤ ሰለባዎቹም በስም የሚታወቁ ሕሙማን ነበሩ።

የኢትዮጵያ ድርሻም እዚህ ላይ ይመጣል። አገሪቱ የምትጠቀምበት ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ በነበረበት ዘመን አዮዲን የመጨመሩ ሥራም በዚያው ይከናወን ነበር። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘጋ። በምትኩ ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ የሚወጣው ጨው ገበያውን ሲሞላው አዮዲን አልነበረበትም። በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ በ2011 ወጣ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ዘንድ ብቻ ሲሆን፣ በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጣ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን በእጥረቱ ዘመን ያደጉ ሰዎች ዕጢ ከነቋጠሮው አብሯቸው ይኖራል። በደጋ ያደጉ፣ ዛሬ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ከዓመታት በፊት የወጣና «ምንም አይል» የሚሉት እንቅርት በአንገታቸው ይዘው፣ ዛሬ በየቀኑ ከጨው አዮዲን ያገኛሉ፤ በዚያም ላይ ልጃቸው የላከችላቸውን ቫይታሚን ይጨምሩበታል።

ቫይታሚን የሚለውን ስም ካሲሚር ፉንክ በ1912 ሲያወጣ የታሰበው በምግብ ውስጥ በጥቂቱ ለሚገኙና ለሕይወት አስፈላጊ ለሆኑ ውሑዶች ነበር። ዛሬ ቫይታሚን ተብሎ የሚሸጠው ብልቃጥ ግን ማዕድናትን፣ ዕፀዋትንና የባሕር አረምን ጭምር ይይዛል። በአሜሪካ በ1994 የወጣው ሕግ እነዚህ ተጨማሪዎች ደኅንነታቸውና ፈዋሽነታቸው አስቀድሞ በመንግሥት ሳይጸድቅ ለገበያ እንዲቀርቡ ፈቅዷል። ውጤቱን ጥቂት ጥናቶች ያሳያሉ። በ2009 በአሜሪካ ገበያ የሚገኙ ለነፍሰ ጡሮች የተዘጋጁ ቫይታሚኖች ሲለኩ፣ አዮዲናቸው ከባሕር አረም የተወሰደው በቀን መጠናቸው ከ33 እስከ 610 ማይክሮ ግራም አዮዲን ተገኘባቸው፤ ለአንድ ተራ አዋቂ በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮ ግራም ነው። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። «ታይሮይድን ይደግፋል» ተብለው ከሚሸጡ ዐሥር ምርቶች በዘጠኙ ውስጥ ትራዮዶታይሮኒን፣ በአምስቱ ውስጥ ታይሮክሲን ተገኝቷል። በማስታወቂያው ቋንቋ ተፈጥሯዊ ተብሎ የሚወደሰው ክኒን፣ ሐኪሙ በሜቲማዞል ሊቀንስ የሚደክምበትን ሆርሞን በጓሮ በር ያስገባል ማለት ነው።

ፍርሃቱ ግን በልኩ መሆን አለበት። አንድ የ200 ሚሊ ግራም አሚዮዳሮን ክኒን 75 ሚሊ ግራም ያህል አዮዲን በውስጡ አለው፤ ይህም 150 ማይክሮ ግራም ካለው ተራ ቫይታሚን 500 እጥፍ ነው። ፀረ ታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ የግሬቭስ ሕመምተኛ አንድ ተራ መልቲ ቫይታሚን ስለዋጠ ብቻ ድንገተኛ አደጋ ላይ አይወድቅም። ይሁንና ጥቅም ሳይኖረው አይጨመርም። ለታይሮይድ ሆርሞን መብዛት በመታከም ላይ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ተጨማሪ አዮዲን መጀመር እንደማያስፈልጋቸው የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር በ2017 መመሪያው ገልጿል። በጨረራ አዮዲን ለሚመረመር ወይም ለሚታከም ሰው ደግሞ አዮዲን ያለበት ማናቸውም ተጨማሪ አስቀድሞ መቆም አለበት፤ ዕጢው በተራው አዮዲን ከጠገበ የታዘዘለትን አይቀበልምና።

ከአዮዲን ውጭ ያሉትም ቢሆኑ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ፎን ሬክሊንግሃውዘን በ1891 በታይሮይድ ሕመም የሞተች አንዲት ወጣት ሴት አጥንት በምስጥ እንደተበላ እንጨት መቦርቦሩን ገልጿል። ኦብና ባልደረቦቹ በ1920ዎቹ መጨረሻ በቦስተን ባደረጉት ልኬት እነዚህ ሕሙማን በሽንትና በዓይነ ምድር ብዙ ካልሲየም እንደሚያወጡ አሳዩ። ይህን ያነበበ ሰው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በብዛት ማዘዝ ቢያምረው አይደንቅም። ነገር ግን ካልሲየሙ የሚወጣው ከአጥንት ተነቅሎ በደም በኩል ስለሆነ፣ በሕመሙ ብርቱ ወቅት የደሙ ካልሲየም ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ሳይለኩ መጨመር አደጋ አለው። አጥንቱን በዋናነት የሚጠግነው ዕጢውን ማረጋጋት ነው። ቫይታሚን ዲ እጥረቱ በተረጋገጠበት ሰው እንደማንኛውም ሰው ይተካል፤ የግሬቭስን ሕመም ከማገርሸት ያድናል የሚለው ተስፋ ግን በ2023 በታተመው የዴንማርክ ጥናት አልተደገፈም። ቫይታሚን ቢ12ን በሚመለከት፣ ግሬቭስና የጨጓራ ሰውነት ገዝ ሕመም በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ፣ የደም ማነስ ወይም የእግር መደንዘዝ ያለበትን ሕመምተኛ መጠንቀቅና መመርመር ተገቢ ነው።

ሴሌኒየም ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያገኘ ማዕድን ነው፤ ማስረጃውም ጠባብ ነው። በ2011 በአውሮፓ የተካሄደ ጥናት ቀላል የግሬቭስ የዓይን ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 100 ማይክሮ ግራም ሶዲየም ሴሌናይት ለስድስት ወር ቢወስዱ፣ ፕላሲቦ ከወሰዱት ይልቅ ዓይናቸውና የኑሮ ሁኔታቸው እንደሚሻሻል አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ዓይን እንጂ ስለ ዕጢው አይደለም፤ ስለ ስድስት ወር እንጂ ስለ ዕድሜ ልክ አይደለም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 በአሜሪካ አንድ ፈሳሽ ተጨማሪ ምግብ በአመራረት ስሕተት በላዩ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሴሌኒየም ይዞ ለገበያ ወጥቶ፣ ሁለት መቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ የፀጉር መርገፍ፣ የጥፍር መበላሸት፣ ተቅማጥና የመገጣጠሚያ ሕመም አድርሷል። ፀጉራቸው እንዳይረግፍ ብለው የሚወስዱት ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ የባዮቲን ነው፤ ከሌሎቹም ይለያል፤ ዕጢውን አይነካምና። በ1927 በለንደን ማርጋሬት ቦአስ፣ ጥሬ የእንቁላል ነጭ በብዛት የተመገቡ አይጦች ቆዳቸው ሲቆስልና ፀጉራቸው ሲረግፍ ተመለከተች። በኋላ እንደታወቀው በእንቁላሉ ነጭ ውስጥ አቪዲን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ባዮቲንን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ይህ ጠንካራ ቁርኝት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ለላቦራቶሪ ሰዎች ትልቅ መሣሪያ ሆነ። ብዙ የሆርሞን መለኪያ ማሽኖች ባዮቲንንና የአቪዲንን ዘመድ ስትረፕታቪዲንን እንደ መንጠቆና ቀለበት ይጠቀሙባቸዋል። በታካሚው ደም ውስጥ ከክኒን የመጣ ባዮቲን ሲበዛ ግን ቀለበቱን ቀድሞ ይሞላዋል። በዚህ ጊዜ ቲኤስኤች በሐሰት ዝቅ፣ ነጻ ታይሮክሲን በሐሰት ከፍ ብሎ ይነበባል፤ የቲኤስኤች ተቀባይ ፀረ እንግዳ አካልም በሐሰት ከፍ ሊል ይችላል። ሦስቱ ሲደመሩ የግሬቭስ ሕመም ፍጹም ሥዕል ናቸው። በ2016 የወጣ ዘገባ በዘር ለሚተላለፍ የሜታቦሊዝም ሕመም ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን የተሰጣቸው ስድስት ልጆች ልክ እንዲህ ያለ ውጤት እንደታየባቸው፣ ባዮቲኑ ሲቆም ግን ሁሉም እንደተስተካከለ ገልጿል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሐኪሞችና ለላቦራቶሪዎች ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በዚሁ ጣልቃ ገብነት የትሮፖኒን ውጤቱ በሐሰት ዝቅ ብሎ የተነበበ አንድ ሰው መሞቱን ጠቅሷል።

ለአንድ አዋቂ በቀን 30 ማይክሮ ግራም ባዮቲን ይበቃል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡት ክኒኖች ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ከ167 እስከ 333 እጥፍ ያህል ይይዛሉ። ከደም ምርመራው በፊት ቢያንስ ለሁለት ቀን ማቆም ለእነዚህ መጠኖች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ በመቶ ሚሊ ግራም ለሚቆጠረው ግን ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል። ውጤቱ ታይሮይድ በዝቷል እያለ ታካሚው ግን በሰባ ሁለት የልብ ምት፣ በማይንቀጠቀጥ እጅና ባልቀነሰ ክብደት ከፊት ቢቀመጥ፣ ሜቲማዞል ከመጻፉ በፊት ምርመራውን ባዮቲን በማይጠቀም ሌላ ማሽን መድገም ይቻላል። በላቦራቶሪ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ታካሚው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች የሚጻፉበት መስመር ቢኖርም እንኳ ባዮቲኑ እዚያ አይገኝም፤ ታካሚዋ ቫይታሚንን እንደ መድኃኒት አትቆጥረውምና «መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ?» ስትባል «አልወስድም» ትላለች፤ ዋሽታም አይደለም።